የጎረቤት ብሎኬት ግንብ አስጠላኝ፣ ጎንደር ላይ የትኛው ሀረግ ቶሎ ይሸፍነዋል?

የማራኪዋ
ሰላም ጎንደሬዎች፣ ሌላም ቦታ ያላችሁ እንደዚሁ። ጎረቤታችን ቤቱን ሲያሰፋ በኛ በኩል ትልቅ የብሎኬት ግንብ አቆመ፣ ቁመቱ ሶስት ሜትር ገደማ ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር ይሆናል፣ በሱ በኩል ተለስኖ ቀለም ተቀብቶ እንዴት ያምራል መሰላችሁ፣ በኛ በኩል ግን እርቃኑን ነው፣ ሲሚንቶው በየመገጣጠሚያው ተንጠባጥቦ ደርቋል፣ ከላይ ደግሞ ጣውላው ሲነሳ የተረፈ ሽቦና ምስማር አፍጥጦ ይታያል። ችግሩ በረንዳችን ፊት ለፊት መሆኑ ነው፣ ቡና በተፈላ ቁጥር እሱን እያየን ነው የምንጠጣው፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ወደ ሳሎን በር አዙሬ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ ሃሃሃ።

ላስለስነው ብል ባለቤቴ በሰው ግንብ ላይ ሲሚንቶ አላፈስም ብሎ እምቢ አለ፣ እውነቱን ነው መቼም የሲሚንቶን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ስለዚ ሀረግ ነገር ተክዬ ልሸፍነው አሰብኩ። ቲክቶክ ላይ ግንቡ ራሱ እስከማይታይ ድረስ አረንጓዴ ቅጠል የለበሰ ቤት አይቼ ልቤ ሄዷል፣ አይቪ ነው የሚሉት መሰለኝ፣ እሱ እኛ ጋ ይሆናል ወይ?

ለምክር እንዲመቻችሁ፣ ግንቡ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ከስምንት ሰአት በኋላ ፀሐይ እንደጉድ ይጠብሰዋል፣ ጥጉ ላይ ብቻ አሮጌ ዘይቱን ስላለ እዛች ጋ ጥላ ነው። ውሃ እንደምታውቁት ነው፣ ሲመጣ እንቀዳለን ሳይመጣ እንጠብቃለን። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ ነው የሚውሉት። እናቴ ደግሞ አንዴ እንዶድ ትከዪበት ትላለች አንዴ ደግሞ ተይው እባብ ይገባበታል ትላለች። ክረምቱ ሳይገባ መወሰን ፈልጌ ነው፣ እባካችሁ የምታውቁ።

የፒያሳው
ቡገንቪሊያ። አለቀ። ሌላ ምንም አታስቢ።

ያ የሚጠብሰው የከሰአት ፀሐይ እኮ ለቡገንቪሊያ ድግስ ነው፣ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው ግን ጎንደር የተወለደ ነው የሚመስለው፣ በጋውን ሙሉ በየሆቴሉ በር ላይ የምታዪው ሀምራዊና ቀይ እሱ ነው። አበባ የምንለው ባለቀለሙ ነገር እንዲያውም አበባ አይደለም ቅጠል ነው፣ ዋናው አበባ መሀሉ ላይ ያለችው ሚጢጢ ነጭ ናት፣ ለዛ ነው ቀለሙ ቶሎ የማይረግፈው። ደሞ ውሃ ካበዛሽበት ይጠግብና ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ጠማኝ ሲል ነው የሚያብበው፣ ስለዚ የኛን ቧንቧ አመል የሚችል ተክል ቢኖር እሱ ነው።

የማራኪዋ
እሾሁስ? ልጆቹን ነው የፈራሁት።

የፒያሳው
እሾህ አለው አልዋሽሽም፣ ግን ወደ ላይ ከወጣ በኋላ የታችኛውን እስከ አንድ ሜትር ድረስ ቅርንጫፉን እየቆረጥሽ ግንዱን ብቻ ብትተዪለት ልጅ አይነካውም። ስትቆርጪው ወፍራም ጓንት አድርጊ፣ የቆረጥሽውንም መሬት ላይ አትተዪው፣ ደርቆ በባዶ እግር የሚረገጠው ነው ከዛፉ ላይ ካለው የሚብሰው።

ግንበኛ ነኝ
እህቴ ሰው ሁሉ ስለ አበባው ያወራል፣ እኔ ስለ ግንቡ ልጠይቅሽ። ብሎኬቱ ውፍረቱ የ15 ሳንቲም ነው የ20? ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) በየስንት ሜትሩ አለው? ከላይ ቢም (አግድም የኮንክሪት ማሰሪያ) ታስሯል? አፍጥጦ የቀረ ሽቦ አለ ካልሽ ቢም ሳይኖረው አይቀርም፣ ያ ጥሩ ነው። ይሄን የምጠይቅሽ ቡገንቪሊያ ሲያድግ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ ብዬ ነው፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡን ጠጥቶ ሲከብድና ንፋስ ሲገፋው ግንቡ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ምስማሩን ነቅሎ ከነብሎኬቱ ቁራጭ ይዞ ነው የሚወርደው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው እኮ፣ ፊሸር (ምስማር የሚይዘው ፕላስቲክ) ራሱ በደንብ አይነክስለትም።

አይቪ ላልሽው ደግሞ፣ እሱና ያ ትንንሽ ቅጠል ያለው ግንብ ላይ ተለጥፎ የሚሄደው ፋይከስ፣ ሁለቱም ሽቦ አይፈልጉም፣ ከግንዳቸው በሚያወጡት ትንንሽ ሥር ራሳቸውን ግንቡ ላይ እያጣበቁ ነው የሚወጡት። በደንብ የተለሰነ ጠንካራ ግንብ ላይ ብዙም አይጎዳም። ያልተለሰነ ብሎኬት ላይ ግን፣ በተለይ መገጣጠሚያው ሲሚንቶ የተቆጠበበት ከሆነ (አብዛኛው የኛ ሰፈር አጥር እንደዛ ነው፣ አሸዋው ይበዛል) ሥሩ ስንጥቁን ፈልጎ ይገባል፣ እርጥበቱንም ይዞ ያቆያል፣ አንድ ቀን ላንሳው ብትዪ ደግሞ ግማሹ ሥር ግንቡ ላይ ተለጥፎ ይቀራል በሽቦ ብሩሽም አይለቅም። ሥር ግንብ ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለግሽ የፋሲል መዋኛ ሄደሽ አጥሩን ጠጋ ብለሽ እዪው፣ የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን አቅፎ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ፣ ፎቶው ላይ ያምራል፣ ጠጋ ስትዪ ግን ሥሩ በድንጋዩ መሀል እንዴት እንደገባ ታያለሽ። ያ እንግዲህ ዛፍ ነው ያንቺ ሀረግ ነው፣ ያ ደሞ በኖራ የተገነባ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው፣ ያንቺ ጎረቤት ባዶ ብሎኬት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ግንቡ ያንቺ አይደለም! ነገ ሰውየው ብሎኬቴን ቀዳደዳችሁት ቢል ምን ልትመልሺ ነው?

ስለዚ እንዲህ አድርጊ። ግንቡን አትንኪው። ከግንቡ 15 ሳንቲም ያህል ርቀሽ በራሳችሁ መሬት ላይ ቋሚ አቁሙ፣ ብር ካለ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ብረት)፣ ከሌለ ባህር ዛፍ፣ ባህር ዛፉን ከመሬት በታች የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብታችሁ ነው ታዲያ ያለዚያ ምስጥ ይበላዋል። በየሶስት ሜትሩ አንድ ብትሉ አምስት ቋሚ ይበቃችኋል፣ 60 ሳንቲም ቀብራችሁ ሥሩን በድንጋይና በትንሽ ኮንክሪት አስይዙት። ከዛ ጋልቫናይዝድ ሽቦ አግድም ወጥሩ፣ ከመሬት 50 ሳንቲም ጀምራችሁ በየ50ው፣ ስድስት መስመር ይወጣል፣ ለ12 ሜትር ወደ 72 ሜትር ሽቦ ነው፣ ማሰሪያውን ጨምረሽ 80 ግዢ። ተክሉ ሽቦው ላይ ይታሰራል ክብደቱ ቋሚው ላይ ያርፋል፣ ከኋላው አየር ያልፋል፣ ሰውየውም ግንቡን ሊያስለስን ቢያስብ ሠራተኛው ቢያንስ እጁን የሚያስገባበት ቦታ አለው።

የማራኪዋ
ዋው ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል ጽፈው። ግንቡ የ15 ነው፣ ኮለን ሶስት ቦታ አያለሁ፣ ከላይ ቢም አለው። ባለቤቴን አሳየሁት "ይሄ ሰውዬ ነው የሚገባው" አለ፣ ከኔ ቲክቶክ የርስዎን ሽቦ መረጠ ሃሃ።

ባህርዳሬ
እኔ ደግሞ ለምን የማይበላ ነገር እንደምትተክሉ አይገባኝም፣ ፓሽን ፍሩት ትከዪ! ራሱ በቀጭን ሲባጎ በሚመስል ነገር ሽቦውን እየጨበጠ ነው የሚወጣው፣ ማሰር ምናምን አያስፈልግም፣ አመት አመት ተኩል ላይ ፍሬ ይሰጥሻል፣ አበባው ደግሞ አይተሽው ታውቂያለሽ? ሰው የሠራው ነው የሚመስለው። ለጎንደር ሐምራዊውን ነው የምትፈልጊው፣ ቢጫው ቆላ ነው የሚወደው። ሲበስል አትቀጥፊውም ራሱ ይወድቃል ልጆቹ ከመሬት እየለቀሙ ይበሉታል።

የፒያሳው
ውሃውን ማን ያጠጣላታል? መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓሽን ውሃ ካጣ አበባውን ያራግፈዋል። ደሞ ዕድሜው አጭር ነው፣ አምስት ስድስት አመት ሲሞላው ይደክማል፣ እንደገና ባዶ ብሎኬት።

ባህርዳሬ
አምስት አመት ጁስ ጠጥታ ሌላ ትተክላለች፣ ምን ችግር አለው። ፍሬውን ከዘራችው ችግኝ መግዛት ራሱ አያስፈልጋትም። ያንተ ቡገንቪሊያ አምስት አመት ሙሉ የሚሰጣት እሾህ ብቻ ነው።

የአዘዞዋ እናት
ልጆቼ አትጣሉ። እኔ ግቢዬ ውስጥ ሁለቱም አለኝ፣ ቡገንቪሊያው ፀሐዩ ጋ ፓሽኑ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ።

ስለ ውሃው ልንገርሽ ልጄ። ጎመንና ድንች የታጠበበትን፣ ሩዝ የታጠበበትን ውሃ አትድፊው፣ ለሱ ይሆናል። የልብስ የመጀመሪያውን እጣቢ ግን ሳሙናው ስለሚበዛ አታድርጊበት፣ በረኪና የነካውንማ ጭራሽ፣ የመጨረሻው መለቅለቂያ ቢሆን አልፎ አልፎ ግድ የለም። ሌላው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ ባለሁለት ሊትሩን ክዳኑን በመርፌ አንድ ሁለት ቦታ ትበሺና ቂጡን ቆርጠሽ አፉን ወደ ታች አድርገሽ ከሥሩ አጠገብ ቅበሪው፣ ከላይ ትሞያለሽ እሱ ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ ውሎ ያድራል። ከላይ በባልዲ ከደፋሽው ግማሹን ፀሐይ ነው የሚጠጣው። የመጀመሪያውን በጋ እንደዚህ ካሻገርሽው ቡገንቪሊያው ከዚያ ወዲያ ብዙም አይለምንሽም፣ ፓሽኑ ግን ሁልጊዜ ይለምንሻል፣ እሱን እወቂው።

መሬታችሁ ዋልካ ነው ወይስ ጭንጫ? ማራኪ ሰፈር አፈሩ እንደቦታው ነው። ዋልካ ከሆነ ክረምት ውሃ ይተኛበታል ቡገንቪሊያ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከጉድጓዱ አፈሩን ከፍ አድርገሽ እንደ መደብ ሠርተሽ ትከዪው። ግንብ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ የግንበኛ ትራፊ አለ፣ የሲሚንቶ ቁራጭ፣ ኖራ፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ እሱን ለቅመሽ አውጪ፣ ያለዚያ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ምን ነካው እያልሽ ትከርሚያለሽ። ጉድጓዱ ከግንቡ ወደ 50 ሳንቲም ይራቅ፣ ግንቡ ሥር ዝናብ እንኳን በደንብ አይደርስም። የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅይ፣ ትኩሱን አይደለም ያቃጥለዋል። ችግኙን ከላስቲኩ ስታወጪ አፈሩ ከሥሩ እንዳይፈርስ፣ ቡገንቪሊያ ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል፣ ላስቲኩን በምላጭ ቀደሽ ነው እንጂ ጎትተሽ አታውጪው። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲረጋ ትከዪ፣ መስከረም ዝናቡ ሳይወጣ ሥር ይይዛል።

የማራኪዋ
እናቴ እግዜር ያክብርልኝ፣ ኑሩልኝ። የኛ ጭንጫ ነው፣ ጉድጓዱን ለመቆፈር ራሱ ዶማ ሳይሆን ድጅኖ ነው የሚያስፈልገው። ስብርባሪውማ ሞልቷል፣ የጎረቤት ሠራተኞች በኛ በኩል ነበር የሚጥሉት።

እሺ ፀሐዩ ጋ ቡገንቪሊያ ልሁን እንበል፣ ያቺ ዘይቱኑ ሥር ያለችው ጥላ ጥግስ? እዛስ አይቪ ይሆናል? እንዶዱስ?

እጽዋት ተማሪ
ቡገንቪሊያ ጥላ ላይ አያብብም፣ እዛ ጥግ ላይ ብትተክዪው ቀጫጭን ሆኖ ወደ ፀሐዩ ሲሮጥ ታዪዋለሽ። አይቪ ጥላ ይወዳል እውነት ነው፣ ግን ቅጠሉም ፍሬውም ይመርዛል፣ ልጆች አሉኝ ስላልሽ አልመክርሽም፣ ግንበኛው ያሉትም አለ።

እናትሽ ያሉት እንዶድ መጥፎ ሀሳብ አይደለም፣ አገር በቀል ነው፣ አመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፣ ተደግፎ ብዙ ሜትር ይወጣል፣ ድርቅም ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድ እጣቢ የሚፈስበት ወንዝ ውስጥ የቢልሀርዚያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ያን ሁሉ ምርምር የጀመረው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው 64)። ግን እዚህ ላይ ነው ነገሩ፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ አይተከልም፣ በግም ካላችሁ እንደዚሁ። ገጠር ግቢ ሰፊ ቦታ ላይ ቢሆን ግን እኔም እንዶድ እላለሁ።

ለጥላዋ ጥግ ጠንበለል ትከዪ። የኛው የሀበሻ ጃስሚን ነው፣ ደጋና ወይናደጋ ጫካ ዳር ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የምታገኚው፣ ነጭ አበባ፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ሮዝ የነካው፣ ማታ ማታ ሽታው በረንዳ ድረስ ይመጣል። እሾህ የለውም፣ ግንብ ላይ አይለጠፍም ሽቦ ላይ ራሱ ይጠመጠማል። ቶሎ ላይሮጥ ይችላል። የሚሮጥ የአገር ሀረግ የምትፈልጊ ከሆነ አዞ ሀረግ አለ፣ እሱ አንዴ ከጀመረ አጥሩንም ዛፉንም ይወርሳል፣ ግን ፈሳሹ ቆዳ ላይ ውሃ ያስቋጥራል ስለዚ ላንቺ ቤት አይሆንም። ሰዎች ለምን ከአገራችን ሀረግ አልፈው ሁልጊዜ ከውጭ የመጣውን እንደሚመክሩ ግን እኔጃ።

አንድ ሌላ ነገር ለሚያነቡት ሁሉ፣ ግንባችሁ ወደየት ነው የሚያየው ብላችሁ ሳትጠይቁ ችግኝ አትግዙ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው፣ ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ግንብ በዛ ስድስት ወር ቀጥታ ፀሐይ የሚባል አያገኝም፣ ቡገንቪሊያ በሚያብብበት ወቅት ማለት ነው። እሷ እድለኛ ናት ምዕራብ ነው፣ የሰሜን ግንብ ያላችሁ ግን ጠንበለልን አስቡ።

የፒያሳው
ከውጭ የመጣውን የምንመክረው ስለሚገኝ ነው ወንድሜ። ጠንበለል የትኛው ችግኝ ሻጭ ጋ አለ? መንገድ ዳር የሚሸጡት ጋ ሄደህ ጠይቅ፣ ምን አልክ ነው የሚሉህ።

የአዘዞዋ እናት
ጠንበለል በግዢ አይደለም በልመና ነው። ቤተክርስቲያን ቅጥር ጥግ ወይ ገጠር ዘመድ ካለሽ አስመጪ፣ ሐምሌ ላይ ለጋም ያልሆነ ያረጀም ያልሆነ መሀከለኛውን ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ተኩል እየቆረጥሽ አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ቅበሪ፣ ሁሉም አይዝም፣ ሁለቱ ከያዙልሽ ይበቃል።

ሳቅ ብቻ
ሀረጉ እስኪያድግ ድረስ ዱባ ዝሪበት፣ ጎረቤትሽ ጠዋት ሲነሳ ዱባ ግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል ሃሃሃሃ

እጽዋት ተማሪ
ቀልድ አይደለም እኮ ይሄ፣ ቅል ወይ ረጅሙን አደንጓሬ ሰኔ ላይ ብትዘራበት እስከ ነሐሴ ድረስ ሽቦውን ይሸፍነዋል፣ ቡገንቪሊያው ግንቡን ለመሸፈን ሁለት ሶስት አመት ይፈልጋል እኮ። ብቻ ዱባው ከችግኙ ራቅ ይበል፣ ቅጠሉ ፀሐይ ይከለክለዋል። ለጥቅምት ደርቆ ሲነሳ ችግኙ ነጻ ይወጣል።

የማራኪዋ
እሺ እንግዲህ ወሰንኩ፣ ፀሐዩ ጋ አራት ቡገንቪሊያ በየሁለት ሜትር ተኩሉ፣ ጥላዋ ጋ ጠንበለል፣ ዘንድሮ መሀል መሀሉን አደንጓሬ። ፓሽኑን ባህርዳሬ አትቀየመኝ፣ እሱን ማጠቢያው አጠገብ ለብቻው አንድ እተክላለሁ የአዘዞዋ እናት እንዳሉት።

ጎረቤታችንንም ሄጄ አነጋገርኩት ቅዳሜ፣ ግንብህን አልነካም ሽቦውን በራሴ ቋሚ ነው የምወጥረው አልኩት፣ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ከላይ አልፎ ወደኔ ካልመጣ" አለኝ። አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ከላይ አልፎ እንዳይሄድ ምን አደርጋለሁ? እባቡስ ነገር፣ እናቴ አልተወችኝም።

ግንበኛ ነኝ
የላይኛውን ሽቦ ከግንቡ ጫፍ በታች አድርጊው፣ ሶስት ሜትር ላይ ያልኩሽን 2.70 ላይ፣ ከሱ ያለፈውን እየቀነጠብሽ። መሰላል ሳትይዢ አትቁረጪ፣ ብሎኬቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ምስማሮች ደግሞ ቋሚ በምታቆሙበት ቀን ያን ጊዜውኑ በመቁረጫ አስቆርጫቸው፣ ሀረግ ከሸፈናቸው በኋላ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም እጅ ነው የሚያገኛቸው። ሰውየውን ግን አስፈቅደሽ።

የፒያሳው
ዋናውን መግረዝ ሚያዝያ መጨረሻ አድርጊው፣ አበባው ሲያልቅ ዝናቡ ሳይመጣ። አዲስ በሚያወጣው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብብ አትፍሪ ጨክነሽ ቁረጪ። ቅርንጫፉን መጀመሪያ አግድም አግድም እያደረግሽ እሰሪው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከለቀቅሽው ጫፉ ላይ ብቻ ያብብና ከታች ባዶ ብሎኬት ታያለሽ። ማሰሪያው የአሮጌ ቲሸርት ቁራጭ ይሁን፣ ሽቦ ግንዱን ይቆርጠዋል።

የአዘዞዋ እናት
እባብ የሚመጣው አይጥ ሲኖር ነው፣ አይጥ የሚመጣው ከሥሩ ቅጠልና ኮተት ሲከመር ነው። ከታች ግማሽ ሜትሩን ግልጥ አድርገሽ ያዢው፣ የወደቀውን ቅጠል ጥረጊ፣ የእንጨት ክምር ካላችሁም ከዛ ግንብ ሥር አንሱት። እናትሽን ሰላም በዪልኝ፣ ስለ እባቡ እውነታቸውን ነው። ደሞ ችግኝ ስትገዢ ያበበውን ግዢ ልጄ፣ ሳያብብ ቀይ ነው ብለው ሸጠውልሽ ሌላ ቀለም ሆኖ ይወጣል።

የማራኪዋ
እሺ እናቴ። ነጩ ይኖር ይሆን ወይስ ቀዩና ሀምራዊው ብቻ ነው የሚገኘው? ግንቡ ግራጫ ስለሆነ ነጭ ይጠፋበታል ብዬ ፈራሁ እንጂ ልቤ ነጩ ላይ ነው።

የፒያሳው
ነጩም ብርቱካናማውም ይገኛል፣ ግን ሀምራዊው ነው ጠንካራው፣ ሁለት ሀምራዊ ከዳርና ከዳር አድርገሽ መሀል ላይ ነጭ ሞክሪ። ዋጋ ስትጠይቂ ግን ለግንብ መሸፈኛ ነው አትበያቸው፣ አንዱን ብቻ የምትገዢ መስለሽ ጠይቂ።